ከኤርፖርት ኤርፖርት ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ ስንት ሰአትስ ይፈጃል? ከኮዬ ፈጬ ለሚነሳ ሰው

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ስር ትንሽ የኮፒና የፕሪንት ቤት አለችኝ። ጉርድ ፎቶ አነሳለሁ፣ ላሚኔት አደርጋለሁ፣ ሲቪ እጽፋለሁ፣ ግን ምን እንደማትም ብትጠይቁኝ ከሁሉም በላይ የአውሮፕላን ትኬት ነው። በቴሌግራም ተልኮላቸው ስልኩን ይዘው ይመጣሉ፣ «ይቺን አውጣልኝ» ይሉኛል፣ ወረቀቱ ገና ከማሽኑ ሳይወጣ ጥያቄው ይከተላል። ይሄ አገር ሩቅ ነው? ስንት ሰአት ትበራለች? መቼ ነው ደረስኩ ብላ የምትደውለው?

መጀመሪያ አካባቢ ዝም ብዬ እመልስ ነበር። ዱባይ ለምትሄድ አንዲት ልጅ እናት ርቀቱን ለአውሮፕላኑ ፍጥነት አካፍዬ «ሶስት ሰአት ነው ማዘር፣ ወዲያው ትደውላለች» አልኳቸው፣ እሳቸውም ያልኳቸውን ይዘው ስልካቸውን እያዩ ቁጭ አሉ፣ ሶስቱ ሰአት አለፈ፣ አራት ሆነ፣ አምስት ሆነ፣ ጠዋት ሱቄን ስከፍት በር ላይ ቆመው እያለቀሱ ነው ያገኘኋቸው። ልጅቷ ደህና ነበረች፣ ኢሚግሬሽን ሰልፍ ላይ ነበረች፣ ስልኳ ደግሞ ዋይፋይ አልያዘላትም። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ከዛ በኋላ ነገሩን ቁጭ ብዬ ተማርኩት፣ አሁን ለሁሉም ሰው በየቀኑ ከምደግመው እዚ ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንስማማ። «ስንት ሰአት ይፈጃል» የሚለው አንድ ጥያቄ ይመስላል እንጂ አራት ነው፣ መሬቱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው፣ አየር ላይ ስንት ሰአት ነው፣ ትኬቱ ላይ የተጻፈው ሰአት የማን አገር ሰአት ነው፣ ከቤቴ ስንት ሰአት ላይ ልውጣ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሰው ሁሉ ይጠይቃል። በረራ የሚያመልጠው ግን በኋለኞቹ ሁለት ነው፣ እና እነሱ ላይ ነው ብዙ የምቆየው።

በቅድሚያ የትኛው ኤርፖርት እንደሆነ እወቁ። እኛ ሰፈር አረብ አገር ሁሉ «ዱባይ» ነው፣ ሻርጃም ዱባይ ነው፣ አቡዳቢም ዱባይ ነው። ትኬቱ ላይ ግን ሶስት ሶስት የላቲን ፊደል አለ፣ እሱን ነው ማየት። ቦሌ ኤ-ዲ-ዲ ነው፣ የዱባይ ዋናው ዲ-ኤክስ-ቢ ነው፣ ድሬዳዋ ዲ-አይ-አር፣ መቀሌ ኤም-ኪው-ኤክስ፣ ባህር ዳር ቢ-ጄ-አር፣ ጅዳ ጄ-ኢ-ዲ። ዱባይ ራሱ ሁለት ኤርፖርት አለው፣ ሁለተኛው ዲ-ደብሊው-ሲ ይባላል፣ ዋሽንግተን ደግሞ በዙሪያው ሶስት አለ፣ የኛ ሰው የሚያርፍበት ደለስ የሚባለው አይ-ኤ-ዲ ነው። የሚቀበላችሁ ሰው ሌላ ኤርፖርት ቆሞ ቢጠብቅ የኪሎ ሜትሩ ሂሳብ ምንም አይጠቅማችሁም።

አሁን ርቀቱ። ቀላሉ መንገድ ስልክ ነው፣ ጎግል ማፕ ላይ ቦሌን በጣታችሁ ተጭናችሁ ያዙ፣ ቀዩ ምልክት ሲወጣ ከስር ያለውን ዝርዝር ክፈቱና ርቀት ለካ የሚለውን ንኩ፣ ከዛ ማፑን እየጎተታችሁ የምትሄዱበት ኤርፖርት ላይ አድርሱት፣ ኪሎ ሜትሩን ከስር ይጽፍላችኋል። አቅጣጫ የሚለውን እንዳትነኩ፣ እሱ የመኪና መንገድ ነው የሚሰጣችሁ። ግሬት ሰርክል ማፐር የሚባል ዌብሳይትም አለ፣ ሁለቱን ኮድ በመሀል ሰረዝ አድርጋችሁ ስትጽፉለት ርቀቱንም መስመሩንም ያወጣል። በኖቲካል ማይል ከመጣባችሁ አትደንግጡ፣ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው፣ በካልኩሌተር ማባዛት ነው። ተራው ማይል ደግሞ 1.609 ነው፣ ሁለቱን ማምታታት ዋሽንግተን ድረስ ሲሆን ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ያሳስታል።

ኔትዎርክ ከሌለ (ኮዬ ነዋ፣ መብራት ሲሄድ ኔትዎርኩም አብሮ ይሄዳል) በእጅም ይሰራል፣ እና እኔ ይሄኛውን ነው የምወደው። ትምህርት ቤት ኬክሮስና ኬንትሮስ ተምረን ረስተነዋል አይደል? ኬክሮስ ሰሜንና ደቡቡን የሚቆጥረው ነው፣ ኬንትሮስ ምስራቅና ምእራቡን። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነው፣ በቃ ይቺን ያዙ። ቦሌ ወደ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምስራቅ ላይ ነው። ጅዳ 21.68 ሰሜን፣ 39.16 ምስራቅ ነው። የምስራቁ ቁጥር እኩል ነው ማለት ይቻላል፣ ስለዚ ጅዳ ከቦሌ ቀጥ ብሎ ወደ ሰሜን ነው ማለት ነው፣ ከ21.68 ላይ 8.98 ሲቀነስ 12.70፣ በ111 ሲባዛ 1,410 ኪሎ ሜትር። አለቀ። ይሄን ለአንድ ሀጅ ለሚሄዱ አባት በሲጋራ ካርቶን ላይ ሰርቼ ሳሳያቸው «ይሄን ያህል ቅርብ ነው እንዴ» ብለው ተገረሙ፣ እውነታቸውን ነው።

ናይሮቢ ከሆነ መጠንቀቅ ያለባችሁ ናይሮቢ ከምድር ወገብ በታች ነው፣ 1.32 ደቡብ፣ ስለዚ አይቀነስም ይደመራል። 8.98 ሲደመር 1.32 እኩል ይሆናል 10.30፣ በ111 ወደ 1,143። ወደ ጎን ደግሞ ትንሽ ወደ ምእራብ ስለሆነ ወደ 207 ኪሎ ሜትር አለ፣ ሁለቱን ለየብቻ በራሳቸው አባዝታችሁ ደምራችሁ ስኩዌር ሩት ስታወጡ 1,160 ገደማ ይመጣል። የፓይታጎረስ ነገር ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ምን ይሰራልናል ስንለው የነበረው።

ወደ ምስራቅና ምእራብ ሲሆን አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፣ የኬንትሮስ ዲግሪ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ በራቃችሁ ቁጥር እየጠበበ ይሄዳል፣ ስለዚ በመሀል ያለውን የኬክሮስ ኮሳይን (ካልኩሌተር ላይ cos የምትለዋን) ታባዙበታላችሁ። ድሬዳዋን እንስራው፣ 9.62 ሰሜን 41.85 ምስራቅ ነው። ወደ ሰሜን ልዩነቱ 0.64፣ እሱ 71 ኪሎ ሜትር። ወደ ምስራቅ 3.05፣ በ111 ተባዝቶ እንደገና በ0.987 (የመሀሉ ኬክሮስ የ9.3 ኮሳይን) ሲባዛ 334 ኪሎ ሜትር። ሁለቱ በፓይታጎረስ 341 ኪሎ ሜትር ከምናምን ይሰጣሉ፣ ኮምፒውተር ሲሰራው 343 ይላል። ከሁለት ኪሎ ሜትር በታች ነው የተሳሳትነው፣ ለካርቶን ሂሳብ አሪፍ አይደል? በዚሁ ዘዴ ዱባይን ሰራሁት፣ 2,520 ኪሎ ሜትር መጣልኝ፣ ልክ ነው። መቀሌ ወደ 505፣ ባህር ዳር 334 ገደማ።

ባህር ዳርና ድሬዳዋ በአየር እኩያ መሆናቸውን ስነግራቸው የማያምኑኝ ብዙ ናቸው፣ ምክንያቱም በመኪና ባህር ዳር ስትሄዱ የአባይን በረሃ ወርዳችሁ እንደገና ትወጣላችሁ፣ መንገዱ ይጠማዘዛል፣ ወገባችሁ የሚቆጥረው ኪሎ ሜትር ሌላ ነው። አውሮፕላኑ ገደሉን አያውቀውም። ለዛ ነው የመኪና ኪሎ ሜትር ይዛችሁ የበረራ ሰአት አትገምቱ የምለው።

ይሄ የእጅ ሂሳብ ግን እስከ አረብ አገር ነው የሚያዋጣው። ዋሽንግተን ላይ ሞክሬው 12,250 ኪሎ ሜትር ሰጠኝ፣ ትክክለኛው 11,560 ገደማ ነው፣ ወደ 700 ኪሎ ሜትር ስህተት። ምክንያቱ መሬት ክብ ናት፣ የሩቅ አገር አጭሩ መንገድ ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ የተሰመረው ቀጥታ መስመር አይደለም። ብርቱካን አምጡና አዲስ አበባን በአንድ ነጥብ፣ ዋሽንግተንን በሌላ ነጥብ ምልክት አድርጉባት፣ ክር ወጠር አድርጋችሁ ብታገናኙ ክሩ ወደ ሰሜን ይቆለመማል፣ ከቦሌ የሚነሳው ሰሜን ምእራብ ብሎ ነው፣ ሜዲትራኒያንን አቋርጦ በአውሮፓ ጫፍ አድርጎ ወደ አትላንቲክ። አሜሪካ የሚሄድ ሰው ስክሪኑ ላይ ያለውን ካርታ እያየ «ለምን ዞረ» የሚለው ለዚህ ነው፣ አልዞረም፣ እንደውም አቋራጩ እሱ ነው።

እሺ ሰአቱስ? እኔ የተሸወድኩበት ቦታ እዚ ነው። ትልልቆቹ ጄቶች ወደ ላይ ከወጡ በኋላ በሰአት ከ850 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይበራሉ፣ እሱ እውነት ነው፣ ግን ከመነሻ እስከ መድረሻ በዛ ፍጥነት አይሄዱም። ከበሩ ተገፍቶ ይወጣል፣ ያኮበኩባል፣ ተራ ይጠብቃል፣ ሲወጣ ቀስ ይላል፣ ሲወርድም ቀስ ይላል፣ ካረፈ በኋላ ደግሞ እስከ በሩ ይነዳል። ትኬቱ ላይ ያለው ሰአት ከበር እስከ በር ነው እንጂ ጎማው ከመሬት ከለቀቀበት አይደለም። ስለዚ የኔ ህግ እንዲህ ናት፣ ኪሎ ሜትሩን ለቅርብ በ800፣ ለሩቅ በ850 አካፍሉ፣ ከዛ ግማሽ ሰአት ጨምሩ። ጅዳ፣ 1,410 ለ800 አንድ ሰአት ከ46 ደቂቃ፣ ሲጨመርበት ሁለት ሰአት ከሩብ። ናይሮቢ ወደ ሁለት ሰአት። ከእውነተኛው ብዙም አይርቅም።

ድሬዳዋን ግን በዚህ ሂሳብ ብትሰሩት 55 ደቂቃ ይወጣል፣ ጄት ከሆነ እሺ፣ የሀገር ውስጥ በረራ ግን ብዙ ጊዜ በኪው 400 ነው፣ ያቺ ፕሮፔለር ያላት፣ እሷ በሰአት 650 ኪሎ ሜትር ብትሄድ ነው፣ ስለዚ በ600 አካፍሉና 25 ደቂቃ ጨምሩ፣ ሰአቷን ሞልታ ትመጣለች። አጭር በረራ ላይ የአውሮፕላኑ ፍጥነት ብዙም ለውጥ አያመጣም ምክንያቱም ግማሹ ጊዜ መነሳትና ማረፍ ነው።

ዱባይ በህጌ ሶስት ሰአት ተኩል ይወጣል፣ ትኬቱ ግን አራት ሰአት አካባቢ ይላል። ግማሹ ሰአት የት ሄደ? ሰማዩ ክፍት ሜዳ አይደለም። የየመንን ሰማይ ብዙ አየር መንገዶች ይሸሹታል፣ ዞሮ መሄድ ኪሎ ሜትር ይጨምራል። በሚያዝያ 2015 ሱዳን ውስጥ ጦርነቱ ሲነሳ የአየር ክልሏ ለሲቪል አውሮፕላን ተዘጋ፣ ከኛ ወደ ሰሜንና ወደ ምእራብ የሚሄደው ብዙው መስመር ያኔ ተቀየረ። ስለዚ የድሮ ዘመዳችሁ «እኔ በዚህን ያህል ሰአት ነው የደረስኩት» ቢላችሁ የሱ ጊዜ ሰማይ ሌላ ነበር። እርግጠኛ መሆን የሚፈልግ ሰው ፍላይትራዳር 24 ላይ የበረራ ቁጥሩን ይጻፍ፣ ያለፉትን ቀናት ዝርዝር ያወጣለታል፣ በፕሮግራም ስንት ሰአት ነበር፣ በትክክል ስንት ሰአት ተነሳ፣ ስንት ሰአት አረፈ። የአንድ ሳምንቱን አይታችሁ መሀሉን ውሰዱ፣ ከኔ ሂሳብም ከማንም ግምት ይበልጣል።

ሂድ እና ተመለስ እኩል አይደሉም፣ ይሄንንም እወቁ። ከኛ በጣም በስተሰሜን፣ አውሮፓና አትላንቲክ አካባቢ፣ ከላይ ከምእራብ ወደ ምስራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፣ ወደ አሜሪካ ስትሄዱ ፊት ለፊት ይገፋል፣ ስትመለሱ ከኋላ ይገፋል። በዛ ላይ ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ናት፣ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላን ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ ለመነሳት ይከብደዋል። ለዚህ ነው የዋሽንግተኑ በረራ ለአመታት ሲሄድ እንደ ሮምና ደብሊን ያለ ቦታ አርፎ ነዳጅ የሚሞላው፣ ሲመለስ ግን ከዋሽንግተን ቀጥታ 13 ሰአት ገደማ በሮ ቦሌ የሚያርፈው። መንገዱ አንድ ነው፣ መሄጃው ከ15 ሰአት በላይ፣ መመለሻው 13። አዲሱ ትልቅ ኤርፖርት ቢሾፍቱ አካባቢ እንዲሆን የተመረጠበት አንዱ ጥቅምም ይሄው ነው፣ ቢሾፍቱ ከቦሌ በ400 ሜትር ገደማ ዝቅ ትላለች። (ለኮዬ ሰው ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ ፈጣን መንገዱን ይዘን ማን ይቀድመናል፣ ያኔ ቦሌዎች ይጨነቁ።) ድሮም እንዲሁ ነበር፣ ኦልድ ኤርፖርት የሚባለው ሰፈር ስሙ ከልደታው ሜዳ የቀረ ነው፣ ጄት ሲመጣ ሜዳው አልበቃ ብሎ ነው ወደ ቦሌ የተዛወረው።

አሁን ወደ ዋናው ጉድ እንምጣ፣ ሰአቱን ማንበብ።

ትኬት ላይ ያለው ሰአት ሁሌም የዛው አገር ሰአት ነው። የመነሻው በአዲስ አበባ፣ የመድረሻው በመድረሻው አገር። ስለዚ ሁለቱን ዝም ብሎ መቀነስ አይሆንም። ዱባይ ከኛ አንድ ሰአት ትቀድማለች፣ ስትሄዱ ከልዩነቱ አንድ ትቀንሳላችሁ፣ ስትመለሱ አንድ ትጨምራላችሁ። ሳውዲ ከኛ ጋር እኩል ነው፣ ምንም አይነካም። ዋሽንግተን ከኛ ወደ ኋላ ነው፣ በክረምታቸው 8 ሰአት፣ በበጋቸው 7 ሰአት፣ እነሱ ሰአታቸውን በአመት ሁለቴ ይቀያይራሉ እኛ አንቀይርም። ለምሳሌ በበጋቸው ከዋሽንግተን 11:00 ተነስቶ በነጋታው 07:00 ቦሌ የሚያርፍ ካለ በወረቀቱ 20 ሰአት ይመስላል፣ 7 ስትቀንሱ 13 ነው። ከመድረሻው ሰአት ጎን ትንሽ የመደመር ምልክትና 1 ካያችሁ በማግስቱ ነው የምትደርሱት ማለት ነው።

ከዛ ደግሞ ወደኛ ሰአት መመለስ። ትኬቱ በ24 ሰአት ነው የሚጻፈው። ከ7 እስከ 18 ያለው ላይ 6 ቀንሱ፣ የቀን ሰአት ይሆናል፣ 13:00 ማለት ከቀኑ 7 ነው። ከ19 እስከ 23 ያለው ላይ 18 ቀንሱ፣ 22:50 ማለት ማታ 4:50 ነው። ከ0 እስከ 6 ያለው ላይ ደግሞ 6 ጨምሩ፣ 00:30 ማለት ሌሊት 6:30 ነው። ሶስተኛዋ ናት ሰው የምትበላው። «2:20» የሚል ትኬት ያየ የኛ ሰው ጠዋት 2 ሰአት ከሃያ ነው ብሎ ተኝቶ ያድራል፣ አውሮፕላኑ ግን ሌሊት 8 ሰአት ከሃያ ላይ ሄዷል።

ከዚህም የባሰው ቀኑ ነው። ለነሱ ቀን የሚቀየረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፣ ለኛ ደግሞ ካልነጋ ቀን አልተቀየረም። ትኬቱ «ቅዳሜ 2:20» ሲል የኛ ሰው ቅዳሜን ውሎ፣ ተሰናብቶ፣ ቡና ተፈልቶለት፣ ቅዳሜ ማታ ሻንጣውን ይዞ ይወጣል። አንድ ቀን ዘግይቷል። አርብ ማታ ነበር መውጣት የነበረበት፣ አርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው በረራው። የኛ ብሎክ ላይ አንድ ልጅ እንዲሁ ሆኖ በግ ታርዶለት፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ቦሌ ደርሶ ተመለሰ፣ ወንድሜ ትኬትህ ትናንት ነው ተባለ። ለቲኬት መቀየሪያ የከፈለውን አልነግራችሁም፣ በጉን ግን በልተነዋል። ስለዚ ማንኛውም ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ በረራ ሲመጣልኝ ወረቀቱ ላይ በትልቁ «አርብ ለቅዳሜ ሌሊት» ብዬ በማርከር ሳልጽፍ አልሰጥም። ወደ አረብ አገርና ወደ አውሮፓ ከቦሌ የሚነሳው ብዙው የማታና የሌሊት ስለሆነ ይሄ ነገር ለየት ያለ ሰው ላይ የሚደርስ አይደለም፣ በየሳምንቱ አየዋለሁ። የፈረንጅ ወሩንም ወደኛ መልሱት፣ ጁን 14 ማለት ሰኔ 7 ነው እንጂ ሰኔ 14 አይደለም፣ ስቃችሁ እንዳታልፉት፣ በሱም የቀረ አለ።

የቀረን ከቤት ቦሌ ነው። እዚች ኮዬ በረንዳዬ ላይ ቆሜ አውሮፕላኑ ሲነሳ መብራቱን አያለሁ፣ በአየር ቢሆን ከ10 ኪሎ ሜትር ብዙም አይርቅም። በመንገዱ ግን እጥፍ ገደማ ነው፣ ከሁለት አንዱን ትመርጣላችሁ፣ በቱሉ ዲምቱ ቃሊቲ ብላችሁ ከባድ መኪናውን መጋፈጥ፣ ወይ በቂሊንጦ በጎሮ ወጥታችሁ በጃክሮስ በኢምፔሪያል ቀለበት መንገዱን መያዝ። ማታ ከ3 ሰአት በኋላ 40 ደቂቃ፣ ጠዋት ስራ ሰአት ላይ ግን ሁለት ሰአት የፈጀብኝ ቀን አለ፣ ዝናብ ሲዘንብ ደግሞ እሱንም አልፈርምም። ስለዚ ድሬዳዋ 343 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰአት፣ ቦሌ 20 ኪሎ ሜትር በሁለት ሰአት፣ ይሄ ቀልድ አይደለም። ለሰበታ፣ ለቡራዩ፣ ለሱሉልታና ለለገጣፎ ሰዎች ቁጥሩ ይለያይ እንጂ ነገሩ ያው ነው፣ በራሳችሁ መንገድ፣ በራሳችሁ በረራ ሰአት፣ አንድ ቀን ቀደም ብላችሁ ጎግል ማፕ ላይ መነሻ ሰአት አስገብታችሁ እዩት። የካቲት ላይ የአፍሪካ ህብረት ጉባኤ ሲሆን የቦሌ አካባቢ መንገድ እንደሚዘጋም አትርሱ።

ሌላው፣ የሌሊት በረራ ካላችሁ «ሌሊት መንገዱ ባዶ ነው» ብላችሁ ሌሊት ለመውጣት አታስቡ፣ ከኮዬ በዛ ሰአት ራይድ ጠርቶ ማግኘት ሎተሪ ነው፣ የመጣውም ተመልሼ ባዶ ነው የምሄደው ብሎ ዋጋ ይጨምርባችኋል። የሰፈር ሹፌር ቀድማችሁ ያዙ ወይ በጊዜ ውጡና እዛ ተቀመጡ። ለውጭ በረራ 3 ሰአት፣ ለሀገር ውስጥ 2 ሰአት ቀድማችሁ በሩ ላይ ሁኑ፣ ግቢው መግቢያ ላይ ራሱ ፍተሻ አለ፣ ሸኚ ህንጻው ውስጥ አይገባም፣ ስለዚ ልቅሶውንም መሳሳሙንም ሰፈር ጨርሳችሁ ኑ። ሀገር ውስጥ ተርሚናል 1፣ ውጭ ተርሚናል 2።

በቃ አሁን ሁሉንም አንድ ላይ ላድርግላችሁ፣ ባለፈው አንዲት እናት ይዘው ከመጡት ጋር በሚመሳሰል ትኬት። ቅዳሜ ጁን 14፣ ከቦሌ 02:20፣ ዱባይ 07:20። ርቀት 2,520 ኪሎ ሜትር። በወረቀቱ ልዩነቱ 5 ሰአት፣ አንድ ሲቀነስ 4 ሰአት በረራ። መነሻው በኛ አርብ ለቅዳሜ፣ ሌሊት 8:20። ከዛ 3 ሰአት ወደ ኋላ፣ ማታ 5:20 ቦሌ። ከኮዬ ለመንገድ 40 ደቂቃ፣ ጎማ ቢፈነዳ ለሚለው ሌላ 40፣ ስለዚ አርብ ማታ 4 ሰአት ከቤት። የምታርፈው በኛ ሰአት ጠዋት 12:20 ነው፣ ኢሚግሬሽን፣ ሻንጣ፣ ዋይፋይ ወይ ሲም ሲባል ሁለት ሰአት ስጡት፣ ከጠዋቱ 2:20 በፊት ስልክ አይጠበቅም።

ይሄን ሁሉ ትኬቱ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ ጻፍኩላቸው። አዩት፣ አገላበጡት፣ «እና በአንድ ቃል ስንት ሰአት ይፈጃል በለኝ» አሉኝ። ከእርሶ በር እስከ ስልክዋ ድረስ 10 ሰአት ከ20 ማዘር፣ አራቱ ብቻ ናቸው አየር ላይ። የፕሪንቱን ከፈሉኝ፣ የጀርባውንስ ስንት ነው ሲሉኝ እሱ ነጻ ነው አልኳቸው።